አንዲቱን መክሊት አትቅበሯት

በዚህ ዓምድ ስለ ትዳር፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤተ ሰብ ኑሮ እንነጋገራለን። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ሳንጠራው ወደ ቤታችን የገባ ነው። በኪሳችን ባለው ስልክ ውስጥ ተቀምጧል። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሪፖርት ያዘጋጃል፣ የልጆችን የቤት ሥራ ይሠራል፣ የስብከት ንድፍ ያወጣል፤ ከተጠየቀም ጸሎት ይደረድራል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል፤ ብዙዎቻችን ግን በአጭሩ ኤአይ እንለዋለን።

ይህ ነገር በብዙ ሰው እጅ የገባው ቻትጂፒቲ የተባለው አገልግሎት በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2022) ለሁሉ ከተከፈተ ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላ በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዳንዱ የአውሬው ሥራ ነው ብሎ ይሸሸዋል። ሌላው ደግሞ ጊዜ የሚያተርፍ በረከት ነው ብሎ ሁሉን ነገር ያስረክበዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ማሽኑን ለመርገምም ሆነ ለማወደስ አልተነሣንም። አንድ ጥያቄ ብቻ እናንሣ፤ ጌታ ለእኔ በአደራ የሰጠኝን ሥራ ለማን አሳልፌ እየሰጠሁ ነው? ለምንስ?

ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

አስቀድመን ነገሩን በትክክል እንወቀው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም እጅግ ብዙ በሆኑ መጻሕፍት፣ ጋዜጦችና የኢንተርኔት ጽሑፎች ላይ የሠለጠነ ነው። ጥያቄ ስታቀርቡለት፣ ካነበበው የቃላት ልማድ ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እያሰላ ዓረፍተ ነገር ይገጣጥማል። ስለዚህ ንግግሩ ለስላሳ ነው፤ ችግሩ ግን ሲሳሳትም በዚያው ልስላሴ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ሁለት ጠበቆች በቻትጂፒቲ ታግዘው ለፍርድ ቤት ባቀረቡት ማመልከቻ ውስጥ ፈጽሞ ያልነበሩ 6 የፍርድ ውሳኔዎች ተጠቅሰው ተገኙ። ማሽኑ የተከራካሪዎቹን ስምና የመዝገቡን ቁጥር ሳይቀር ፈጥሮ ነበር። ፍርድ ቤቱም 5,000 ዶላር ቀጣቸው።

ለእኛ ደግሞ ተጨማሪ ነገር አለ። ማሽኖቹ ከሠለጠኑበት ጽሑፍ ውስጥ የአማርኛው ድርሻ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህ የተነሣ አንተና እርስዎ ሲቀላቀሉበት፣ ተረትና ምሳሌያችን ሲያመልጠው፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፍና ቁጥር ሲያዛንፍ እናያለን። የቤርያ ሰዎች የጳውሎስን ትምህርት እንኳ ከመጻሕፍት ጋር ያመሳክሩ ከነበረ (ሐዋ. 17፥11)፣ የማሽኑን ቃል ሳንመረምር መቀበል እንዴት ይሆንልናል?

በራሳችን መታመን ይገባናልን?

“በራስህ ተማመን” የሚለው ምክር ለአማኝ ጆሮ ጥርጣሬ ያሳድራል፤ ማሳደሩም ተገቢ ነው። ምሳሌ 3፥5 በፍጹም ልባችን በእግዚአብሔር እንድንታመን፣ የራሳችንንም ማስተዋል መደገፊያ እንዳናደርግ ያስጠነቅቀናል። ታዲያ ክርስቲያን በራሱ ችሎታ ይተማመን ማለት ከቃሉ ጋር አይጋጭምን?

ቃሉ በሌላ ስፍራ የሚለውን አብረን እንመልከት። ሐዋርያው ጳውሎስ ብቃታችን ከራሳችን እንዳልመነጨ፣ ከእግዚአብሔር እንደ ተሰጠን ይናገራል (2 ቆሮ. 3፥5)። እንግዲህ ብቃት አለን፤ ምንጩ ግን እርሱ ነው። እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ ሲሞላው፣ ወርቅና ብር አንጥሮ፣ እንጨት ጠርቦ፣ ዕንቁ ቀርጾ እንዲሠራ ጥበብን በውስጡ አኖረ (ዘፀ. 31፥1-5)። ባስልኤል “እኔ ምን አውቃለሁ” ብሎ መዶሻውን ቢጥል ኖሮ ያ ትሕትና ባልተባለለት ነበር፤ ሰጪውን መናቅ ይሆን ነበርና።

ስለዚህ አማኝ በራሱ ይተማመን ስንል፣ የሰጠኝ ጌታ ሲሰጠኝ አልተሳሳተም ብሎ የተቀበለውን ይሥራበት ማለታችን ነው። የምሳሌ መጽሐፍ ማስተዋላችንን በእግዚአብሔር ቦታ እንዳናስቀምጥ ይከለክለናል እንጂ ማስተዋልን እንድንጥል አያዝዘንም። የራሱን ማስተዋል ትቶ በማሽን ማስተዋል የተደገፈ ሰውም ምርኩዙን ለወጠ እንጂ ገና በእግዚአብሔር አልተደገፈም።

የቀበረው በፍርሃት ነው

የመክሊቱን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን (ማቴ. 25፥14-30)። ብዙ ጊዜ ሦስተኛውን አገልጋይ ሰነፍ ብለን እናልፈዋለን፤ ጌታውም ሰነፍ ብሎታል። ነገር ግን ሰውዬው ራሱ ምክንያቱን ሲናገር እንስማው። ፈራሁ ነው ያለው (ቁጥር 25)። አልሰረቀም፤ አላባከነም። በጥንቃቄ ቆፍሮ ሸሸገው። ስንፍናው ከፍርሃት የተወለደ ነው።

ደግሞም አንዲት መክሊት ጥቂት ነገር አልነበረችም። በዚያ ዘመን አንድ መክሊት ወደ 6,000 ዲናር ያህል ነበር፤ አንድ ዲናር ደግሞ የቀን ሠራተኛ የአንድ ቀን ደመወዝ ነው (ማቴ. 20፥2)። ይህ ማለት ወደ 20 ዓመት የሚጠጋ የሥራ ደመወዝ ነው። ሰውዬው በእጁ ያለውን ያህል ሀብት ያሳነሰበት፣ በጎኑ አምስትና ሁለት የተቀበሉትን ማየቱ ይሆን?

ወደ ማሽኑ የምንሮጠው ሁልጊዜ ከስንፍና የተነሣ አይደለም። እስኪ አንዲት እኅት እናስብ። የሴቶች ኅብረት ጸሐፊ ናት፤ ለ10 ዓመት ቃለ ጉባኤውን በእጇ ስትጽፍ ኖራለች። ዛሬ ግን ለኅብረቱ የቴሌግራም ገጽ ሁለት መስመር ማስታወቂያ ለመላክ እንኳ ማሽኑ ካላረመላት አይሆንላትም። እንዲህ ያለችው እኅት ታታሪ ናት። ደክሟት አይደለም፤ “የእኔ አማርኛ ተራ ነው፣ ሰው ይታዘበኛል” የሚል ፍርሃት ገብቷት ነው። ለሥራ ማመልከቻ የሚጽፈው ወጣት፣ ለወጣቶች ትምህርት የሚያዘጋጀው ወንድም፣ ለአለቃዋ ሪፖርት የምታቀርበው ሠራተኛ ሁሉ በዚያው መንገድ ሊገኙ ይችላሉ። ማሽኑ በተጠየቀ ቁጥር የተቀባ ጽሑፍ ያወጣል። ያን ያየ ሰው በራሱ ጽሑፍ ያፍራል። ባፈረ ቁጥር ያነሰ ይጽፋል፤ ያነሰ በጻፈ ቁጥርም እጁ ይደነዝዛል። መክሊት የሚቀበረው እንዲህ ጥቂት በጥቂት ነው።

ዳዊትን እናስታውስ (1 ሳሙ. 17፥38-40)። ሳኦል የናስ ቁርና ጥሩር አለበሰው። ዕቃው መጥፎ አልነበረም፤ የንጉሥ የጦር ልብስ ነው። ዳዊት ግን ጥቂት ሄደበትና ስላልለመደው አወለቀው። ወንጭፉን ይዞ፣ ድንጋዮቹንም ራሱ ከወንዝ መርጦ ወጣ። ያ ወንጭፍ በበግ ጥበቃ ዘመኑ በየቀኑ ሲያወናጭፈው የኖረ ነው። ዳዊት በእግዚአብሔር ስም ታመነ፤ የለመደውንም የእጁን ሥራ ይዞ ወጣ። ሁለቱ አልተጣሉበትም።

ፍጥነቱ ሲመዘን

“ነገር ግን ጊዜ ይቆጥብልኛል” የሚል ሰው ይኖራል። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ አንድ ጥናት የቢሮ ጽሑፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች በቻትጂፒቲ ሲታገዙ ሥራቸውን በ40 ከመቶ ባነሰ ጊዜ ጨርሰዋል። ይህን መካድ አይገባም።

ሌላም ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2025 ሜትር የተባለ የምርምር ድርጅት 16 ልምድ ያላቸውን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎች በራሳቸው ሥራ ላይ ፈተነ። 246 ሥራዎች ተሰጡ፤ አንዳንዶቹ በኤአይ እየታገዙ፣ ሌሎቹ ያለ እርሱ እንዲሠሩ በዕጣ ተደለደሉ። ባለሙያዎቹ ከመጀመራቸው በፊት በ24 ከመቶ እንፈጥናለን ብለው ገመቱ። ከጨረሱ በኋላም በ20 ከመቶ ፈጥነናል አሉ። ሲለካ ግን በኤአይ የታገዙት ሥራዎች 19 ከመቶ የበለጠ ጊዜ ወስደው ተገኙ። ማሽኑ ያወጣውን ማንበብ፣ ማረምና እንደ ገና ማዘዝ ጊዜ ይበላልና።

ጥናቱ በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረገ ስለሆነ ለሁሉ ሥራ ሕግ አናደርገውም። ግን አንድ ነገር ያስተምረናል። መፍጠናችን የሚሰማን ስሜት ራሱ ሊያታልለን ይችላል፤ በተለይም በደንብ በምናውቀው ሥራ ላይ የራሳችን እጅ ከምናስበው በላይ የሠለጠነ ሊሆን ይችላል።

ለትዳር ጓደኛችሁ የምትሉት ቃል

አሁን ወደ ዓምዳችን ዋና ጉዳይ እንመለስ። የቢሮ ሪፖርት አንድ ነገር ነው። ትዳር ግን ሌላ ነው።

አንድ ባል እናስብ። ጋብቻቸው 12ኛ ዓመቱን ያዘ። ስልኩን አውጥቶ ለሚስቱ ልብ የሚነካ መልእክት እንዲጽፍለት ማሽኑን ያዝዛል። በጥቂት ሰከንድ ጽጌረዳና ጨረቃ የሞላበት ጽሑፍ ይመጣለታል፤ ይልከዋል። ሚስቱ ታነብበዋለች። ቃሉ የእርሱ አለመሆኑን ለማወቅ ምርመራ አያስፈልጋትም፤ 12 ዓመት አብራው የኖረች ሴት የባሏን አነጋገር ታውቃለች። ያች ሴት የጠበቀችው ጨረቃን አልነበረም። “ልጃችን ታምሞ ሆስፒታል ያደርን ለት፣ አንቺ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለሽ ስትጸልዪ አይቼሽ ነበር፤ ያኔ ያልነገርኩሽን ዛሬ ልንገርሽ፤ ያን ሌሊት የቆምኩት በአንቺ እምነት ነው” ቢላት፣ ፊደሉ ቢሳሳትም በመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አጥፋ ታስቀምጠው ነበር። ማሽኑ ይህን ሊጽፍላት አይችልም። በዚያ ሌሊት አልነበረማ! አባቶቻችን በሰው ወርቅ አይደምቁ ያሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ጭምር ይሠራል።

ወንዶች ሆይ፣ “እኔ መናገር አልችልበትም” የምትሉ ብዙ ናችሁ። የምትችሉትን ያህል ተናገሩ። ሚስቶቻችሁ ያገቧችሁ ባለቅኔ ፈልገው አይደለም። ሚስቶችም እንዲሁ፤ ባላችሁ የተመሰገነበትን ጊዜ አስታውሳችሁ በራሳችሁ አንደበት ንገሩት። ሁለት ቃል ትበቃለች፤ የእናንተ ከሆነች።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጠብ ሲነሣ ነው። ሌሊት፣ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተኝተው፣ አንዱ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ ጭቅጭቁን ለማሽኑ ይጽፋል። “ማን ነው ጥፋተኛው? ምን ልበላት?” ይላል። ማሽኑም በትሕትና ይሰማዋል፣ ያጽናናዋል፣ ስሜቱ ተገቢ እንደሆነ ይነግረዋል። ይህ ማባበል እውነተኛ ችግር መሆኑን ሠሪዎቹ ራሳቸው አምነዋል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ አንድ አዲስ ማሻሻያ አውጥቶ፣ ማሽኑ ተጠቃሚውን ከልክ በላይ የሚያሞግስና የሚያስማማ ሆኖ ስለ ተገኘ በጥቂት ቀናት ውስጥ መልሶ ሰብስቦታል።

የምሳሌ መጽሐፍ ይህን ከጥንት ጀምሮ አስቀምጦታል። በፍርድ ፊት ቀድሞ የሚናገር ጻድቅ ይመስላል፤ ሌላው መጥቶ እስኪመረምረው ድረስ (ምሳ. 18፥17)። ማሽኑ ሁልጊዜ የሚሰማው ቀድሞ የተናገረውን ብቻ ነው። የሌላኛውን ወገን አይጠራም። የሚስትን የደከመ ፊት አያይም፤ የባልን ዝምታ ከምን እንደመጣ አያውቅም። በባህላችን ሚዜዎችና ሽማግሌዎች የሚጠሩት፣ በቤተ ክርስቲያንም አገልጋዮች የሚቀመጡት ሁለቱን ለመስማት ነው። ጌታም ወንድምህ ቢበድልህ ሄደህ ከእርሱ ጋር ብቻችሁን ሆናችሁ ተነጋገሩ ብሎ አስተምሯል (ማቴ. 18፥15)። መሄድን፣ ፊት ለፊት መቀመጥን፣ መንተባተብን፣ ይቅርታ ለመጠየቅ ምራቅ መዋጥን ማንም ሊሠራልን አይችልም። በዚያ ትግል ውስጥ ነው ባልና ሚስት የሚተዋወቁት።

ጸሎትና ስብከት

እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 በጀርመን አገር፣ በፉርት ከተማ ባለ የቅዱስ ጳውሎስ ሉተራዊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከ300 በላይ ሰዎች ተሰብስበው፣ በአብዛኛው በቻትጂፒቲ የተዘጋጀ የ40 ደቂቃ አምልኮ ተካፈሉ። ስብከቱንም ጸሎቱንም ያቀረቡት በስክሪን ላይ የሚታዩ የኮምፒዩተር ምስሎች ነበሩ። አንድ የሥነ መለኮት ምሁር ለሙከራ ያዘጋጀው ነው። ከተካፈሉት መካከል አንዳንዶቹ ነገሩ ልብና ነፍስ እንደ ጎደለው ተናገሩ።

ለምን እንዲህ እንደተሰማቸው ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሮሜ 8፥26 እንዴት እንደምንጸልይ ባናውቅ መንፈስ ቅዱስ ራሱ ድካማችንን እንደሚያግዝ፣ ቃል በሌለው መቃተትም እንደሚማልድልን ይነግረናል። እግዚአብሔር የተዋበ ጸሎት ቸግሮት አያውቅም። መናገር አቅቷቸው “ጌታ ሆይ፣ ታውቃለህ” ብለው የሚያለቅሱ እናት ጸሎታቸው ሙሉ ነው። በቤታችሁ መሠዊያ ላይ ባል ቢንተባተብ፣ ልጅ ቢደጋግም፣ በዚያ መካከል ረዳቱ አለ።

ለምትሰብኩ ወንድሞችና እኅቶችም አንድ ቃል አለን። እግዚአብሔር ሕዝቅኤልን ወደ እስራኤል ቤት ከመላኩ በፊት መጽሐፉን እንዲበላ አዘዘው (ሕዝ. 3፥1-3)። ቃሉ መጀመሪያ በነቢዩ ሆድ ውስጥ ማለፍ ነበረበት። የግሪኩን ቃል ትርጉም ወይም የአንድን ከተማ ታሪክ ለመፈለግ መሣሪያ ብትጠቀሙ፣ እያመሳከራችሁ ከሆነ ነውር የለበትም። ያልበላችሁትን እንጀራ ለጉባኤ ማቅረብ ግን ሌላ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ያልተገሠጸበትን ቃል እሁድ የሚያነብ ሰባኪ፣ መድረኩ ቢያምርለትም እርሱ ራሱ በረሃብ ይቀራል።

ልጆቻችንስ?

እ.ኤ.አ. ሰኔ 2025 ኤምአይቲ ከተባለው የአሜሪካ ተቋም የወጣ አንድ ጥናት 54 ሰዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ድርሰት አጻፋቸው፤ አንዱ ምድብ በቻትጂፒቲ፣ ሁለተኛው በኢንተርኔት መፈለጊያ፣ ሦስተኛው በራሱ አእምሮ ብቻ። በቻትጂፒቲ የጻፉት አብዛኞቹ ወዲያው ሲጠየቁ ከገዛ ድርሰታቸው አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ በትክክል መጥቀስ ተስኗቸው ነበር። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ በወጣበት ጊዜም በሌሎች ምሁራን ገና አልተገመገመም ነበር። ይሁን እንጂ ወላጅ ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ያጠናክራል። ያልደከሙበት ነገር በውስጥ አይቀርም። ልጃችሁ በሰባት ስሕተት የራሱን ድርሰት ቢያመጣ፣ ስሕተቱን ከመቁጠራችሁ በፊት ራሱ በመጻፉ አመስግኑት። ማሽኑ ዘንድ የሚሸሸው ብዙ ጊዜ የእኛን ቁጣ ፈርቶ ነውና።

በልቧ የያዘችው

ከራሳችን የወንጌል ታሪክ አንድ ምሳሌ እናንሣ። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ ለባርነት ተዳርጋ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሪያ ጫኝ ጀልባ በባሕር ላይ ሲያዝ ነፃ የወጣች ልጅ ነበረች። በምጽዋ አቅራቢያ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረች። እዚያም ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር መሥራት ጀመረች፤ እርሱም በልጅነቱ ከባርነት ነፃ የወጣ ነው። ሚሲዮኖቹ ልዩ የቋንቋ ስጦታ እንዳላት አስተዋሉ። ከአገሯ ተነጥቃ፣ ከቤተ ሰቧ ርቃ ሳለች፣ ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮሞ ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች ከትውስታዋ ጻፈች። ከእነዚህ ከፊሎቹ እ.ኤ.አ. በ1894 በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ውስጥ ወጡ። በቋንቋ ችሎታዋም ለኦኔሲሞስ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ ትልቅ እገዛ አደረገች፤ ሙሉው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም እ.ኤ.አ. በ1899 በስዊዘርላንድ ታተመ።

አስቴር በእጇ ምን ነበራት? በባርነት ሲወስዷት ሊነጥቋት ያልቻሉት የእናት ቋንቋዋ ብቻ። “የባሪያ ልጅ ትውስታ ለማን ይጠቅማል?” ብላ ቀብራው ቢሆን ማን በፈረደባት? አልቀበረችውም። ብዙ ሺህ ሰዎች ጌታን በቋንቋቸው ያነበቡት ከእንዲህ ያለ እጅ ነው።

ምን እናድርግ?

በተግባር የሚረዱ አምስት ነገሮችን እንጠቁም።

1. የመጀመሪያውን ረቂቅ ራሳችሁ ጻፉ። ደብዳቤም ይሁን ሪፖርት፣ ቢያንስ አንድ ገጽ በእጃችሁ ሳትጽፉ ማሽኑን አትክፈቱ። ከዚያ በኋላ ፊደል ቢያርም ሐሳቡ የእናንተ እንደሆነ ይቀራል። ለውጭ አገር መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ መጻፍ ያለባት እኅት ቋንቋውን ብታሳርም ማንም አይወቅሳትም።

2. ለማሽን የማይሰጥ ሥራ ለዩ። የፍቅር ቃል፣ የይቅርታ ቃል፣ የሐዘን ማጽናኛ፣ ጸሎትና የልጅ ተግሣጽ ከዚህ ወገን ናቸው።

3. የሰውን ምሥጢር አታስገቡ። የትዳር ጓደኛችሁን ድካም፣ በምክር አገልግሎት የሰማችሁትን ኑዛዜ ወይም የሰው የሕክምና ማስረጃ ወደ ማሽኑ መጻፍ አደራን ማውጣት ነው።

4. ከማሽኑ የወሰዳችሁትን ሁሉ መርምሩ፤ ጥቅስ ከሆነ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጣችሁ እዩ። የወሰዳችሁትንም የራሳችሁ አስመስላችሁ አታቅርቡ።

5. ከማሽኑ በፊት ጸልዩ፤ ቀጥሎ ሰው ጠይቁ። ጥበብ የጎደለው ሳይነቅፍ የሚሰጠውን እግዚአብሔርን እንዲለምን ያዕቆብ መክሯል (ያዕ. 1፥5)። ከዚያ ባላችሁን ወይም ሚስታችሁን አማክሩ። ስንት ጊዜ መልሱ እዚያው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ሳለ ስልክ ውስጥ ፈለግነው?

የተወደዳችሁ ሆይ፣ የመክሊቱ ጌታ ከረጅም ጊዜ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ለሁለቱ ታማኝ አገልጋዮች የሰጠው ምስጋና አንድ ዓይነት ነበር። አምስት ያተረፈውም ሁለት ያተረፈውም እኩል ተመሰገኑ፤ እኩልም ወደ ደስታው ተጠሩ። ሂሳቡን የሚጠይቀን በሰጠን ልክ ነው። ከባልንጀራችን ጽሑፍ፣ ከማሽኑም ጽሑፍ ጋር አያወዳድረንም። እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር፣ አንድ ደብዳቤ ወይም አንድ የምስጋና ቃል፣ በገዛ እጃችሁ ሥሩ። ቢያንስም የእናንተ ነው፤ የእናንተም ከእርሱ ነው።

ለባልና ሚስት መወያያ

ሀ. ባለፈው ወር ለማሽን ከሰጠነው ሥራ ውስጥ ከፍርሃት የተነሣ የሰጠነው የትኛው ነው?

ለ. የትዳር ጓደኛዬ በራሱ ወይም በራሷ አንደበት የተናገረኝና እስከ ዛሬ የማልረሳው ቃል ምንድን ነው?

ሐ. በቤታችን ለማሽን የማይሰጡ ናቸው ብለን የምንስማማባቸው ሦስት ነገሮች የትኞቹ ናቸው?

ጌታ የሰጠንን እንድንሠራበት ጸጋውን ያብዛልን። አሜን።